በተነቀሰው ድድ ስር ያላየሁት

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ የያዝኩት መሣሪያ የምራቅ መምጠጫ ቱቦ ነበር። ሰባዎቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ገና እንደገቡ ነው። ቦታው ሆሊውድ አቅራቢያ ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ ፎቅ ላይ ያለች ባለ ሁለት ወንበር የጥርስ ክሊኒክ ናት። ባለቤቷ ዶክተር ብሉም አጭር፣ ወፍራም መነጽር የሚያደርጉ ሰው ነበሩ። "ቱቦውን ከምላሱ ስር አድርጊው፤ ጉንጩን እንዳይዘው" አሉኝ። ጉንጩን ያዘው። ወንበሩ ላይ የተጋደመው ሰውዬ ጮኾ ተነሣ፤ እኔም ደንግጬ ቱቦውን ሳላጠፋ ስስበው የዶክተሩን ክራቫት ዋጠው። ክራቫታቸውን አላቅቀው ሲያበቁ፣ "ነገ ስትመጪ ክራቫት አላደርግም" አሉኝ። መቀጠሬን ያወቅሁት በዚህ ነው።

ሁለት ዓመት ያህል ረዳት ሆኜ ቱቦ ያዝኩ፣ መሣሪያ ቀቀልኩ፣ ጨለማ ክፍል ገብቼ የራጅ ፊልም አጠብኩ። ከዚያ ተምሬ ፈተናውን አለፍኩና ሃይጂኒስት ሆንኩ። ሃይጂኒስት ጥርስ ያጸዳል፣ ድድ ይመረምራል፤ መሙላትና መንቀል የዶክተሩ ድርሻ ነው። ያኔ ጓንት የሚያደርግ ብዙ ሰው አልነበረም፤ እጃችንን ፈትገን ታጥበን በባዶ ጣታችን ነበር የምንሠራው።

ከመሣሪያዎቼ ሁሉ ትንሿ መለኪያዋ ነበረች። በሚሊሜትር የተሰመረች፣ ጫፏ ያልሾለ ቀጭን ዘንግ ናት። በጥርሱና በድዱ መካከል ቀስ ተደርጋ ትገባለች። ጤነኛ ድድ ሁለት ወይም ሦስት ላይ ያቆማታል። ከዚያ አልፋ ከወረደች ድዱ ጥርሱን መልቀቅ ጀምሯል ማለት ነው። የስድስት ወር ልጅ አፍ ካልሆነ በቀር የማልለካው አፍ አልነበረም፤ ቢያንስ እንደዚያ ብዬ እኮራ ነበር።

የአገራችን ሰዎች ወሬውን ሰምተው መምጣት ጀመሩ። አንዱ ሆሊውድ ውስጥ ለአንድ ሬስቶራንት መኪና ፓርክ የሚያደርግ ተማሪ ነበር። ወንበሩ ላይ ተጋድሞ፣ "እህቴ፣ አትሳቂብኝ እንጂ ጥርሴ እያደገ ነው" አለኝ።

"በሠላሳ ዓመትህ?"

"በመስታወት አየሁት እኮ! ረዝሟል። ቀዝቃዛ ውኃ ስጠጣ ደግሞ እስከ ጆሮዬ ይጠዘጥዘኛል።"

"ጥርስህ አላደገም፤ ድድህ ነው የሸሸው።"

"ወዴት?"

"ወደ ላይ። በምን ብሩሽ ነው የምትፍቀው?"

ብሩሹን በሚቀጥለው ቀን ይዞት መጣ። ወለል መፈግፈጊያ ነው ቢባል ይታመናል። ለጫማው እንዲያደርገው ነግሬው ለስላሳ ብሩሽ ሰጠሁት።

ከዚያ ወዲያ ዓይኔ ከሰው አፍ አልነቀል አለ። ቫን ናይስ ሰፈር በአንድ ጓደኛችን ቤት ለበዓል ስንሰበሰብ ማን በአንድ ወገን ብቻ እንደሚያኝክ፣ ማን ሥጋው ጥርሱ መሐል እየገባ ስንጥር እንደሚፈልግ እቆጥራለሁ። አንዱን፣ "ግራው ምን ሆነ? ዛሬ በቀኝ ብቻ ነው የበላኸው" ብዬው ሹካውን አስቀመጠ። "አንቺ ባለሽበት ቤት ከእንግዲህ ሾርባ ነው የምጠጣው" አለኝ። ሁሉም ሳቁብኝ። ሰኞ ግን ደወለና "ሶ፣ ለመቼ አፖይንትመንት ትይዢልኛለሽ?" አለ።

እንዲህ በራሴ ተማምኜ ሳለሁ ነው እትዬ አስካለ የመጡት። ልጃቸው ማርታ ናት ከአገር ቤት ያስመጣቻቸው። አንድ ሆቴል አንሶላ ያጥባሉ፤ ሳቃቸው ግን ከሆቴሉ ማጠቢያ ማሽን በላይ ይሰማል ይባልላቸዋል። ሲስቁ ታዲያ መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ። የጨዋ ልጅ ወጉ ነው፣ እናቴም እንደዚያ ነበረች ብዬ ደስ አለኝ።

ዶክተር ብሉም አፋቸውን ሲያዩ ክው አሉ። የላይኛው ድዳቸው ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ሰማያዊ ነው። ወደ ኮሪደር ጠርተውኝ፣ "ይህ ነገር አላማረኝም። ቁራጭ ወስደን ላቦራቶሪ እንላከው" አሉ።

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። "ዶክተር፣ ንቅሳት ነው። በልጅነታቸው ለውበት ነው የተነቀሱት።"

"ድድ ላይ?"

"ድድ ላይ። በመርፌና በጥላሸት።"

ተመልሰው ሁለት ጊዜ አዩት፤ "ውብ ነው" አሉና እጃቸውን ጨበጧቸው። እትዬ አስካለም፣ "ፈረንጁ ዓይን አለው" ብለው በመዳፋቸው ስር ሳቁ። የዚያን ቀን ከእኔ በላይ አዋቂ አልነበረም። ዶክተሩ ወደ ሌላው ወንበር ሲሄዱ "ለኪና ቻርቱን ሙዪልኝ" አሉኝ።

መለኪያዋን የኋላ መንጋጋቸው አጠገብ አስገባሁ። ደም መጣ። እትዬ አስካለ አንጓዬን ያዙኝ።

"ልጄ፣ ይህ ድድ ሲነቀስ የጮህኩት ይበቃኛል። በእናትሽ ተይው።"

"ደምቷል እኮ እትዬ። ሌላ ጊዜም ይደማብዎታል?"

"መፋቂያው ነው። ሁሌም ያደማኛል።"

አንድ ፈረንጅ እንዲያ ቢለኝ "ትንሽ ይታገሡኝ" ብዬ እቀጥል ነበር። እናቴን የሚያክሉ ሰው አንጓዬን ይዘው ሲለምኑኝ ግን እጄ ታሰረ። ድዳቸውን ዙሪያውን በዓይኔ ብቻ አየሁት፤ የታመመ ድድ ይቀላል፣ እሳቸው ጋ ግን ቅላት የለም። ቻርቱ ላይ ቁጥር በሚጻፍበት ቦታ "ድድ ደህና" ብዬ ጻፍኩ።

ስምንት ወር ገደማ ቆይቶ ማርታ ደወለች። "እማዬ መሳቅ ትታለች። ዳቦ እንኳ ሻይ ውስጥ ነክራ ነው የምትበላው። ኦኬ አይደለችም።"

እትዬ አስካለ ሲመጡ የፊት ሁለቱ ጥርሶቻቸው ተከፋፍተው በመሐላቸው ክብሪት እንጨት ያሳልፋሉ። ጣቴን ሳስደግፍባቸው ተነቃነቁ። የራጁን ፊልም ጨለማ ክፍል ውስጥ ቆሜ እያየሁ፣ ሥሮቹን መያዝ የነበረበት አጥንት ተበልቶ ማለቁ ገባኝ።

ዶክተር ብሉም የድሮውን ቻርት አወጡ።

"ማን ነው የጻፈው?"

"እኔ ነኝ።"

"ለክተሻል?"

"አንድ ቦታ ጀምሬ ተውኩት። ቅላት አላየሁም ነበር።"

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። "ጥቁር ድድ ላይ እንዴት ቅላት ትጠብቂያለሽ? እኔም ደግሜ ማየት ነበረብኝ። አሁን ግን በቋንቋቸው አንቺው ንገሪያቸው" አሉኝ።

ወንበሩ አጠገብ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። "እትዬ፣ ያን ጊዜ መለካት ነበረብኝ፤ አልለካሁም። ደህና ነው ብዬም ጻፍኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኳቸው። እንባዬ መጣ።

"እኔስ ብሆን አፌን የምሸፍነው ለምን ይመስልሻል?" አሉኝ። "ሽታው አሳፍሮኝ ነው። ከመጣሁ ጀምሮ ይሸተኛል። አንቺ የአገሬ ልጅ ነሽና እንዳትታዘቢኝ ብዬ ደበቅሁሽ።"

ወጉ ነው ብዬ ደስ ያለኝ ነገር ትልቁ ምልክት ነበር።

"በይ አሁን ለኪ" አሉኝ። "እጅሽን ብይዘውም እንዳትተዪኝ።"

ለካሁ። ፊት ለፊት ስምንት፣ ዘጠኝ፤ ከኋላ አምስት፣ ስድስት። አንድም ቁጥር ሳልዘል ለዶክተሩ ጮክ ብዬ ጠራሁ። ሁለቴ እጄን ያዙኝ፤ ሁለቴም አልተውኩም።

ሁለቱ የፊት ጥርሶች ተነቀሉ። የቀሩትን በአራት ቀጠሮ እያደነዘዝን ከድዱ ስር አጸዳንላቸው፤ ደሙም ሽታውም ቆመ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ገባላቸው። ሲስቁ እጃቸውን ባያነሡም ሳቃቸው ግን እንደ ዱሮው አልሆነም፤ ምላሳቸው ባዕዱን ጥርስ እየነካ ያቋርጠዋል።

ከዚያ በኋላ ለሚመጡ ጀማሪዎች የምነግራቸው አጭር ነው። ጥርስ ሲፋቅ የሚወጣ ደም፣ የማይለቅ ሽታ፣ የረዘመ የመሰለ ጥርስ፣ ድሮ ያልነበረ ክፍተት፦ አዋቂ ሰው ከእነዚህ አንዱን ካየ ሳያመው ይምጣ። በተነቀሰ ድድ ላይ ቅላት አይታይም። ስለዚህ የሚለካ ሰው ታማሚው ቢያዝንበትም ይለካ። እትዬ አስካለ በእኔ ይሉኝታ ሁለት ጥርስ አጥተዋል።