«ለእናቴ» ተብሎ የተላከ እቃ

የአገሯ ልጆች «ካውያ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት በሥራዋ ብቻ አይደለም። ቀኑን ሙሉ በአንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ አንሶላና የትራስ ልብስ ስትተኩስ ውላ፣ ሰው ቤት ተጠርታ ስትሄድ ደግሞ የጠረጴዛውን ልብስ በመዳፏ ሳትዳብስ አትቀመጥም። የተጨማደደ ነገር ካየች ዕረፍት የላትም። ዕድሜ ጫን ያላቸው ሴቶች «እስኪ ፊቴንም ተኩሽልኝ» ይሏታል። እሷም ትስቃለች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ያልቃል።

ምድር ቤቱ መስኮት የለውም። በጣሪያው ሥር ወፋፍራም ቧንቧዎች ያልፋሉ፤ አንደኛው ሁልጊዜ ስለሚያንጠባጥብ ባልዲ ተደቅኖለታል። ማሽኖቹ ሲጮኹ ሰው ከሰው የሚግባባው በእጅ ምልክት ነው። እንፋሎቱ ፊት ይገርፋል። አለቃዋ ክፉ ሰው አይደለም፤ ደግም አይደለም። የወጥ ቤት ሠራተኞቹን ነጭ ኮት እንደሷ የሚያቀና ስለሌለ ዝም ይላታል፣ እሷም ዝም ትለዋለች። እጇ አንሶላው ላይ ይሁን እንጂ ልቧ አልጋዋ ሥር ካለው ካርቶን ጋር ነው። ካርቶኑ ይሞላል፣ ይላካል፣ በቦታው ሌላ ካርቶን ይገባል። የካውያ የስደት ኑሮ ባጭሩ ይኸው ነው።

በፖስታ ቤት ሞክራው ነበር። አንዱ ካርቶን ቀረጥ ቤት ገብቶ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የምትልከው በሰው እጅ ነው፤ በሰው እጅ መላክ ደግሞ ራሱን የቻለ መከራ ነው። አገር ቤት ለመሄድ ትኬት የቆረጠ ሰው ሹመት የተሰጠው ይመስል ይኮፈሳል። ትናንት «እህቴ፣ እህቴ» ሲል የከረመው ዛሬ ስልክ አያነሳም። ሲያነሳም «ሻንጣዬ ሞልቷል፤ ቀላል ነገር ከሆነ ይታያል» ይላል። ይታያል! ብርድ ልብስ መቼ ቀሎ ያውቃል? ካውያ ግን ለዚህም ዘዴ አላት። ብርድ ልብሱን አጥፋ፣ ወለል ላይ ዘርግታ፣ በጉልበቷ እየተጫነች አየሩን ታስወጣና የሕፃን ትራስ አሳክላ ይዛ ትቀርባለች። ተሸካሚው ፌስታሉን ፈትቶ ያያል፣ ያሸታል፣ በእጁ ያመዛዝናል። እሷ እጇን አጣምራ እንደ ተከሳሽ ትቆማለች።

በእያንዳንዱ እቃ ላይ በወፍራም እስኪርቢቶ የምትጽፈው አንድ ቃል ነው፤ «ለእናቴ»። ከሥሩ ስልክ ቁጥር።

ነገር የተበላሸው እዚህች ቃል ላይ ስለሆነ፣ ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ነው። ካውያን የወለደቻት ሴት፣ ስትወልዳት ራሷም ገና ልጅ ነበረች። ሕፃኗን ለእናቷ ትታ መጀመሪያ ትምህርቷን፣ ቀጥሎ ትዳሯን ተከትላ ከተማ ገባች። ካውያ ያደገችው በአያቷ ጀርባ ላይ ነው። አያቷን «እማዬ» አለች። የወለደቻትን ደግሞ አክስቶቿና አጎቶቿ እንደሚጠሯት «እቴቴ» አለቻት። ማንም አላስተማራትም፣ ማንም አላረማትም። እቴቴ አልፎ አልፎ ከረሜላ ይዛ ትመጣለች፤ ልጅቱ ከእማዬ ቀሚስ ኋላ ተሸጉጣ ታያታለች፤ ከረሜላውን ተቀብላ ትሮጣለች። እንዲህ እንዲህ ስትል አደገች።

እማዬ የምትኖረው ከእቴቴ ርቃ፣ በአውቶቡስ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ትንሽ ከተማ ነው። የራሷ ስልክ የላትም። ቢኖራትም ጆሮዋ ደክሟል። ስለዚህ ካውያ እቃው ላይ የምትጽፈው የእቴቴን ቁጥር ነበር፤ እቴቴ ተቀብላ ለእማዬ ታደርሳለች ብላ። ይህን ግን በአፏ ነግራት አታውቅም። ምን ያስነግራል? «ለእናቴ» ተብሎ ተጽፏል። ለካውያ እናት ማለት አንድ ናት።

እቴቴ እቃው በደረሰ ቁጥር ትደውላለች።

«እቃው ደርሷል፤ እግዜር ይስጥልኝ።»

«ልክ ሆነ?»

«ልክክ ብሏል!»

በቃ። ከዚህ የሚተርፍ ወሬ የላቸውም። ማን ላይ ልክክ እንዳለ አንዷ አልጠየቀች፣ አንዷ አልተናገረች።

እማዬን ደግሞ በጓሮ ክፍል በተከራየው አስተማሪ ስልክ ታገኛታለች፤ ማግኘት ከተባለ። «እማዬ፣ ሹራቡ ሞቀሽ?» ብላ እስክትሰነጠቅ ትጮኻለች። እማዬ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ!» ትላለች። «ብርዱ እንዴት ነው?» ስትላት «እነሱም ደህና ናቸው!» ትላለች። አስተማሪው ስልኩን ይቀበልና «እማማ አልሰሙም» ይላል። በሰው ቤት ገመና የማይገባ ጨዋ ሰው ነውና ከዚያ የሚያልፍ ቃል አይወጣውም።

ካውያን የሚያንገበግባት ይህ ነበር። የእማዬ ጆሮ የደከመው እሷ አገር ከለቀቀች በኋላ ነው፤ ያሳደገቻት ሴት ድምጿን ከሸኘቻት ቀን ወዲህ በቅጡ ሰምታው አታውቅም። «ድምፄን ሳትሰማ ከሞተች እኮ» አለቻት አንድ ቀን አብራት ለምትኖረው ፀጉር ሠሪ፣ «የዚህ ሁሉ ሰው አንሶላ ለምንድን ነው የምተኩሰው?»

እናም ገንዘቧን ቋጥራ፣ ክረምቱን በአንድ ጫማ ገፍታ፣ የመስሚያ መሣሪያ ገዛች። ሱቁ ውስጥ በራሷ ጆሮ ላይ አድርጋ ስትሞክረው የገዛ ኮሌታዋ ሲንኮሻኮሽ ሰምታ ደነገጠች። ሻጩ ለማንኛውም ጆሮ እንዲሆን ብሎ ትልቅና ትንሽ የላስቲክ ጫፎች ጨመረላት። ካልሲ ውስጥ ጠቅልላ፣ በቆርቆሮ ሣጥን አሽጋ፣ «ለእናቴ» ብላ ጽፋ አገር ቤት ለሚሄድ ታክሲ ነጂ ሰጠችው። ሰውዬው በእጁ አመዛዘነው። የሚያማርርበት ክብደት ስላጣ ቅር ሳይለው አልቀረም።

እቴቴ የደወለችው ካውያ ምሳዋን የሠራተኞች መውጫ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ስትበላ ነው።

«ማነው የነገረሽ?» አለች ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም።

«ምኑን?»

«ደንቁራለች ብሎ ያወራብኝ! ባሌ ነው? የሱን ወሬ መስማት ሲሰለቸኝ ዝም ስለምለው እኮ ነው! እኔ ጆሮዬ ደህና ነው፤ ግድግዳ አሳልፎ ይሰማል!»

ካውያን ሳቅ አፈናት። «ኧረ እቴቴ፣ ላንቺ አይደለም እኮ።»

«ታዲያ ለማን ነው?»

«ለእማዬ ነዋ።»

«‹ለእናቴ› ነው የሚለው።»

«አዎ። ለእናቴ።»

ይህን ብላ ሳትጨርስ ገባት። ለእቴቴም ገባት።

«ሹራቡስ?» አለች ካውያ።

«ለብሼዋለሁ።»

«ብርድ ልብሱ?»

«አልጋዬ ላይ ነው።»

«የሱፍ ካልሲው? ቱታው? ሽፍኑ ጫማ?»

«እነሱም እኔ ጋ ናቸው» አለች እቴቴ።

«እማዬ በብርድ ስትንቀጠቀጥ አንቺ ሞቆሽ ተኛሽ! እንዴት ለኔ ነው ትያለሽ? መቼ እናቴ ብዬሽ አውቃለሁ?»

«አንድም ቀን» አለች እቴቴ። «ለዚህ እኮ ነው። የመጀመሪያው እቃ ሲመጣልኝ ጽሑፉን አይቼ ተቀምጬ አለቀስኩ። አፏ ቢያፍር እጇ ጻፈው አልኩ። ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቼ አሳየሁ። ለእሷ ለብቻዋ የምትልኪላት መስሎኝ ነው እንጂ፣ ልጄ፣ የእናቴን ልብስ እለብሳለሁ?»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ አንጀቱ ይላወስ ነበር። የካውያ አንጀት ግን ለአንዲት ሴት ብቻ የተሠራ ነው። «ልጄ» የሚለው ቃል ራሱ ከእቴቴ አፍ ሲወጣ የተሰረቀ እቃ መስሎ ታያት።

«ሣጥኑን ራሴ እወስድላታለሁ» አለች እቴቴ። «ጆሮዋ ላይም አደርግላታለሁ። ልብሱንም አንድ በአንድ አደርሳለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ እንዳትነግሪያት። እናቴ ፊት ሌባ አታድርጊኝ።»

«እሺ» አለች ካውያ። እሺ ያለችውም ከልቧ ነበር።

የዕረፍቷ ቀን ደረሰና ደወለች። አስተማሪው ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። እቴቴ፣ ለካውያ አስቀድማ እንደነገረቻት፣ ሹራቡን ለብሳ መጥታ እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጣለች። መጀመሪያ የተሰማው የእማዬ ሳቅ ነው።

«እንዴ! ይቺ ዶሮ እንዲህ ነው እንዴ ስታስቸግር የኖረችው? ሳልሰማት ስንት ዘመን ተገላገልኩ!»

«እማዬ!»

«ወዬ! ወዬ የኔ ልጅ! ውይ፣ ድምፅሽ ወፍሯል እኮ! ሴትዮ ሆነሻል!»

ካውያ እያለቀሰች ሳቀች። ያልተወራ ነገር አልቀረም። የሞተውን፣ የተጋባውን፣ የበሩ ማጠፊያ ሳይቀር ሲጮህ መስማቷን እማዬ ነገረቻት። ብዙ ዘመን የተመኘችው ይኸው ደረሰላት። ጥሪው እዚያ ላይ ቢቆረጥ ኖሮ ይህ ታሪክ ሌላ ታሪክ በሆነ ነበር።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አለች እማዬ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ምንም አልላከችልኝም ብዬ አንድም ቀን አልተቀየምኩሽም። የሰው ልጆች ለእናቶቻቸው ሲልኩ አያለሁ። የኔዋ ብታገኝ ትልክ ነበር፤ ተቸግራ ነው እላለሁ። ሰው ሲያሙሽም አፋቸውን አስይዣለሁ። እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።»

ካውያ ደሟ ፈላ። ይህን ሁሉ ዘመን የሰው ፊት ያየችበት፣ ተሸካሚውን ሁሉ የለመነችበት፣ በጉልበቷ ብርድ ልብስ የረገጠችበት፤ ሁሉም ባዶ። አገር ምድሩ የሚያውቃት እናቷን እንደጣለች ልጅ ነው።

«ልኬልሽ ነበር!» አለች። «ስልክልሽ ነው የኖርኩት! እቴቴ ናት የወሰደችው! ይቻትልሽ አጠገብሽ፤ የለበሰችውን እይው፣ ያንቺ ነው!»

ዶሮዋ ብቻ ትጮኻለች።

«ሰምቻለሁ» አለች እማዬ በመጨረሻ። «እሷም ልጄ ናት፣ አንቺም ልጄ ነሽ። ደንቁሬ በሰላም ተቀምጬ ነበር። ይህን ልታሰሚኝ ነው የላክሽልኝ?»

አንድ ነገር ጠረጴዛው ላይ ቋ ሲል ተሰማ።

«እማማ ከጆሯቸው አውጥተውታል» አለ አስተማሪው።

«መልስላት! እባክህ ወንድሜ፣ መልስላት!»

«እጄን ገፉኝ።»

«እቴቴስ?»

«ወጥተዋል። ሹራቡን አውልቀው ወንበሩ ላይ ትተውት ነው የወጡት።»

«ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዝልኝ» አለች ካውያ።

አስተማሪው ያዘላት። እሷም ተናገረች። ይቅር በይኝ አለች። ረሳችኝ እንዳትይ ብዬ ነው እንጂ ላጣላችሁ አይደለም አለች። እቴቴን አስጠሪያት፣ ሹራቡንም መልሺላት፣ ሌላ እልክልሻለሁ አለች። ጉሮሮዋ እስኪደርቅ ለመነች፤ ከዚያም መልስ ጠበቀች።

«ይቅርታ እህቴ» አለ አስተማሪው፣ አፍሮ። «እሳቸው ፊቴን እያዩ ነው። የምሰማሽ እኔ ብቻ ነኝ።»