ፀጉራም ጎመን

እዚህ ፌርፋክስ መንገድ ካለው የሐበሻ ሱቅ ጎመን ስገዛ ቅጠሉን አንድ በአንድ ገልብጬ ጀርባውን በአውራ ጣቴ እዳብሳለሁ። ባለፈው ቅዳሜ የሻጯ ትዕግሥት አለቀ።

«እትዬ፣ ጎመኑን ኢንተርቪው እያደረጉት ነው እንዴ?»

ሳቅኩ። መልሱ ወረፋ ላይ ቆሞ የሚነገር አልነበረም።

በሃያዎቹ ዕድሜዬ፣ ከአክስቴ ልጅ ከጽጌ ጋር በአንዲት የእንግሊዝ መንደር ሚስስ ዌብ የሚባሉ አሮጊት ቤት ተቀጥረን እንሠራ ነበር። መንደሯ መሐል ሰፊ የጋራ መስክ አለ፤ በአንዱ ጫፍ የእኛ ቤት፣ በሌላው አሮጌ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን፣ መካከል ላይ የዳክዬ ኩሬ። አጥሩ ሁሉ ቁጥቋጦ ነው፤ ሰኔ ሲገባ መንገዱን ሊውጠው ይደርሳል።

ጽጌ የሰኔን ጾም እንደ መነኩሴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች፤ እኔም እሷን ፈርቼ። በዚያ ቤት ቅቤ ያልነካው ምግብ ድንች ብቻ ነበርና፣ አንድ ጠዋት ከአጥሩ ሥር ሰፋፊ ቅጠል ለቅማ መጣች።

«ፀጉር አለው እኮ» አልኳት።

«ሲበስል ይለሰልሳል። አንቺ ደግሞ መጽሐፍ ካልነገረሽ አታምኚም።»

በሽንኩርትና በዘይት ሠራችው። ሚስስ ዌብ ሽታው ስቧቸው ብቅ አሉና «ለእኔም ይደርሰኛል?» አሉ።

«ድስቱ ያውልዎት» አለች ጽጌ፣ ደስ ብሏት። ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑን ልትሳለም ይዛኝ ወጣች። የእኛ ባይሆንም በሩን ሳትሳለም አትውልም።

ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ረዣዥም ሐምራዊ አበቦች ቆመዋል። ግርጌያቸው ያለው ቅጠል ሰፊ ነው፤ ፀጉራም። እጄን ስዘረጋ ውሻዋን የምታናፍስ አንዲት ሴት «ተይው የኔ ልጅ፣ ልብ የሚያቆም መርዝ ነው» አለችኝ፣ ስለ ዝናብ እንደሚወራ ሁሉ።

የጽጌ ፊት አመድ መሰለ። ከራሳችን በላይ የሰባት ሰዓት ደወል ተደወለ። የሚስስ ዌብ ምሳ ከዚያ ደወል ዝንፍ ብሎ አያውቅም።

ሮጥን። መስኩ ላይ ነጭ በነጭ ለብሰው ኳስ በዱላ የሚጫወቱ ሰዎችን መሐል ለመሐል ጥሰን አለፍን፤ አንዱ ጮኸብን። የጽጌ ነጠላ ወደቀ፤ አልዞረችም። «አፋቸውን ያዝልኝ፣ አፋቸውን ያዝልኝ» ትላለች።

ሚስስ ዌብ ሹካ ይዘው ጠረጴዛው አጠገብ ቆመዋል። ጽጌ ድስቱን አንስታ መታጠቢያው ውስጥ ደፋችው።

«ቀመሱት?» አልኳቸው።

«ዘጠኝ ሰዓት መች ሆነና?» አሉ፣ ቅር ብሏቸው። «ከእናንተ ቀድሜ ልብላ?»

ያኔ ነው የዘረጉትን ሦስት ባዶ ሳህን ያየሁት። ሆዳቸው ሲጮህ ሦስታችንም ሰማን። ጽጌ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ እኔ ድንች መላጥ ጀመርኩ።

ጽጌ ዛሬ እዚሁ ከተማ፣ ፓልምስ ሰፈር ትኖራለች። ቅዳሜ ጎመኑን ይዤላት ስገባ «ጀርባውን አየሽው?» አለችኝ፣ እንደ ሁልጊዜዋ። በጾሙ ሁለታችንም እንደዚያ አንጠነክርም። ጎመን በተሠራ ቀን ግን ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ክዳኑ አይነሳም። የልጅ ልጆቿ ራበን ብለው ይነጫነጫሉ። ይጠብቁ፤ ሚስስ ዌብም ጠብቀዋል።