ጉልበቱ ቀጥ ካለስ?

ማርሊን ህራቦቭስኪ ፒትስበርግ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማረች፣ ከሰው ጋር ብዙም የማታወራ ሴት ነበረች። እኔ በሮቦት ቤተ ሙከራ ብሎን የማጠብቅ ቴክኒሻን ነኝ። እሷን የጠራናት መራመድ ላቃታቸው ሰዎች የምንሠራው፣ እግር ላይ የሚታሰር ባለ ሞተር የብረት እግር አልታዘዝ ሲለን ነው። ሁለት ዓመት ለፍተን ያልሆነልንን እሷ በሰባት ወር፣ በእርሳስና በወረቀት ፈታችው፤ ሞተሮቹ በየቅጽበቱ ምን ያህል መዞር እንዳለባቸው የሚያሰላ ቀመር አወጣች። አምስት ተማሪዎች እግሩን አጥልቀው ኮሪደሩን ተመላለሱበት።

ቀጥሎ ተራው የሚስተር ኦቲስ ፕሩት ሆነ። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ግራ እግራቸው ሽባ ሆኗል፣ ቁመታቸው የበር መቃን ይነካል።

የዚያን ዕለት ጠዋት ማርሊን ቤቷ ቁርሷን ትታ ወረቀቶቿን ታገላብጥ ነበር። ዘጠነኛው ገጽ ላይ እርሳሷን አስቀመጠች። አንዱን ቁጥር ለሌላው አካፍላለች፤ አካፋዩ ደግሞ ጉልበቱ በታጠፈበት መጠን የሚወሰን ነው። ጉልበቱ ቀጥ ካለስ? ዜሮ ይሆናል፤ ያኔ ቀመሩ ሞተሩን ልክ በሌለው ኃይል እንዲዞር ያዘዋል። ተማሪዎቹ አጫጭር ስለነበሩ፣ ብረቱ ረዝሞባቸው ጉልበታቸውን ሳያጥፉ ተራምደው አያውቁም፤ ረጅሙ ሚስተር ፕሩት ግን ጉልበታቸው ቀጥ ይላል።

ደወለች። ለሙከራው ስልካችንን አጥፍተን ስለነበር ማንም አላነሳም። አውቶቡስ ላይ ቆማ፣ በየፌርማታው «አሁን አስረውላቸዋል፤ አሁን ተነሥተዋል» እያለች መጣች።

እያለከለከች ስትገባ ሚስተር ፕሩት ሊነሡ መደገፊያውን ጨብጠዋል።

«እንዳይነሡ! እባክዎ እንዳይነሡ!»

ኃላፊያችን ከርቲስ ሳቀ። «ማርሊን፣ አምስት ሰው ሄዶበት አሁን ነው የፈራሽው? የራስሽ ቀመር እኮ ነው።»

«የራሴ ስለሆነ ነዋ! ተሳስቻለሁ እልሃለሁ። ለዜሮ አካፍያለሁ።»

«እኔንም አራተኛ ክፍል የጣለኝ እሱ ነው» አሉ ሚስተር ፕሩት። ከርቲስ ሳቁን ትቶ እንድናወልቅላቸው በእጁ ጠቆመን።

እግሩን አወለቅንላቸው። ባዶውን ማቆሚያ ላይ አስሬ ቀስ እያልኩ ዘረጋሁት። ቀጥ ሊል ጥቂት ሲቀረው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ሞተሩ ጮኸና በአንድ ርግጫ ጠረጴዛውን ገለበጠው። ማርሊን ወንበር በዳበሳ ፈልጋ ተቀመጠች።

«ምን ትገተራላችሁ? ውሃ ስጧት እንጂ!» አሉ ሚስተር ፕሩት።

ማስተካከያው አራት ወር ፈጀባት። አካፋዩ መቼም ዜሮ እንዳይሆን ትንሽ ቁጥር ጨመረችበት። ያስጨነቃት ምን ያህል ትንሽ የሚለው ነበር፤ ቢበዛ እግሩ ይጎተታል፣ ቢያንስ ይራገጣል። ከርቲስ «በቃ፣ ደህና ነው» ባላት ቁጥር «ቢወድቁ አንተ ታነሣቸዋለህ?» ትለዋለች።

ጥቅምት ላይ ሚስተር ፕሩት አሥራ አንድ እርምጃ ተራመዱ። እሷ አላየችም። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ የሞተሩን ድምፅ ታዳምጥ ነበር።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዞር በይ እንጂ! ቆሜያለሁ እኮ!»

«መጀመሪያ ይቀመጡ» አለቻቸው።