ማር የለበሰ ሥጋ

ቡሬ ገበያ የማር ሽታ ሲመጣብኝ ዛሬም ምላሴን እነክሳለሁ።

በጣሊያን ጊዜ አባቴ ዱር ገብቶ ነበር። እናቴ ለስንቁ ሥጋ ዘልዝላ፣ እያንዳንዱን ዝልዝል ማር ቀብታ ቅል ውስጥ ደረደረችው።

«አደራ እንዳትነኪው! ማሩ ለሥጋው ቆዳው ነው» አለችኝ።

አልገባኝም። ዞር ስትል አንድ በአንድ እያወጣሁ ማሩን ላስኩና ሥጋውን መለስኩት።

ከሳምንታት በኋላ የአባቴ ጓደኛ ባዶውን ቅል ይዞ መጣ።

«እታለም፣ ጣሊያን ዋሻ ውስጥ እንዳለን ከቦን ሰነበተ። ሥጋው ሸቶ የሚበላ አጣን። እሱ ደግሞ ቆስሎ ነበር፤ ረሀቡን አልቻለውም።»

እናቴ ቅሉን አሸተተች። እኔን አየችኝ። ከዚያ ለለቅሶ ለመጣው ሁሉ «ማሩን ያሳሳሁት እኔ ነኝ» እያለች ደረቷን ደቃች።

ስቀብራትም ዝም እንዳልኩ ነበር።