አንቴናውን ይዤ የቆምኩበት ምሽት

አባቴ ዲሽ ግቢያችን እንዲገባ ፈቅደው አያውቁም። መሪጌታ ናቸው፤ በደብሩ ዜማ ያስተምራሉ። ስለ ዲሽ ያላቸው አስተያየት አጭር ነው፤ «የዓለሙን ጉድ ሁሉ እየቀዳ ቤት የሚደፋ ነገር ነው» ይላሉ። አንቴናን ግን አይቃወሙም። የሚይዘው ጥቂት የአገር ውስጥ ጣቢያ ብቻ ስለሆነ በእሳቸው ዘንድ እንደ ጨዋ እንግዳ ይቆጠራል። ስለዚህ ጎረቤቱ ሁሉ ቆርቆሮው ላይ ሰሃኑን ሲተክል፣ እኛ ከቤቱ ጥግ ረጅም የባሕር ዛፍ ምሰሶ አቁመን፣ ጫፉ ላይ አንቴና አስረን፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አንዲት ትንሽ ሪሲቨር አስቀምጠን ቀረን።

ንፋስ መውጫ ላይ ምሰሶ ማቆም ቀልድ አይደለም። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው በከንቱ አይደለም፤ ንፋሱ ምሰሶውን ትንሽ ካዞረው ምስሉ ይጠፋል። ድሮ ስርጭቱ አናሎግ ሳለ ንፋስ ሲነሣ ስክሪኑ ላይ ጉም ይወርድና ሰዎቹ በጉሙ ውስጥ እየተንቀጠቀጡም ቢሆን ያወራሉ። ዲጂታል ከመጣ ወዲህ ግን መሐል የሚባል ነገር የለም። ወይ የሰውዬው ቅንድብ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል፣ ወይ ፊቱ እንደ ሸክላ ይሰባበርና «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። እናቴ ይህን ለውጥ አልወደደችውም። «የድሮው ይሻላል፤ ቢያንስ የሰዉ ጥላ አይጠፋም ነበር» ትላለች። ፊዚክስ አስተማሪ ስለሆንኩ ነገሩን ላስረዳት ሞክሬ ነበር። ሰምታኝ ስታበቃ፣ «በይ ውጪና አዙሪው» አለችኝ።

እናቴ ዜና ማየት የጀመረችው በታናሽ እህቴ ምክንያት ነው። እህቴ አረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት ከሄደች በኋላ በየእሑዱ ትደውል ነበር። ቆይቶ ጥሪው እየራቀ መጣ፤ ከዚያ ጭራሽ ቀረ። ስንደውል ስልኳ ዝግ ነው። የላካትን ደላላ ብንፈልገው እሱም ቁጥሩን ቀይሯል። ያኔ ነው ዜናው ከስደት ተመላሾችን ደጋግሞ ማሳየት የጀመረው፤ ከአውሮፕላን ደረጃ የሚወርዱ፣ ፌስታል ያንጠለጠሉ፣ አንዳንዶቹም ባዶ እግራቸውን የሆኑ ሴቶች። ዜና ሲጀምር ወደ ጓዳ ትገባ የነበረችው እናቴ፣ ምሽት ሁለት ሰዓት ሲሆን በርጩማዋን ስባ ስክሪኑ ሥር መቀመጥ ጀመረች። የሚባለውን አትሰማም። ፊት ብቻ ነው የምታየው። «አይደለችም... አይደለችም... እሰይ፣ ለእናትሽ እንኳን አበቃሽ... አይደለችም» እያለች አንድ በአንድ ታሳልፋቸዋለች።

እኔ ይህን ማየት አልቻልኩም። ያናድደኝ ነበር። «እማዬ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል እሷን ልታገኚያት ነው?» እያልኩ እጨቀጭቃት ነበር። የሚያናድደኝ ግን ፍርሃቴ ነበር። እሷ ፊት ስትፈልግ እኔ የምሰማው የሞት ዜና እንዳይመጣ እየጸለይኩ ነው።

በዚያ ምሽት ንፋሱ ብሶበት ነበር። የተመላሾቹ ዜና ሊጀምር ሲል ምስሉ ተሰባበረ፣ እኔም ጋቢ ደርቤ ወጣሁ። ሥራው ቀላል ነው፤ ምሰሶውን በሁለት እጅ አቅፎ፣ ከውስጥ ሰው «መጣ!» እስኪል ድረስ ቀስ እያሉ ማዞር ነው።

«መጣ!» አለች እናቴ።

ምሰሶውን የማስርበትን ሽቦ ላነሣ ጎንበስ ስል ጮኸች።

«እንዳትነኪው! እንዳትነኪው! እሷ ናት! ልጄ ናት!»

ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። ምሰሶውን ደረቴ ላይ አጣብቄ ያዝኩት። ንፋሱ ይገፋዋል፤ ብለቀው ምስሉ ይጠፋል፤ ካልለቀቅሁት አላያትም። እህቴ ከግድግዳው ወዲያ ናት፣ የማላያት እኔ ብቻ ነኝ። መስኮቱ በንፋሱ ምክንያት ተዘግቷል። «ከስታለች? ምን ለብሳለች?» ብዬ ጮህኩ። ከዚያ የአባቴን ድምፅ ሰማሁ። ረጋ ብለው፣ «እሷ አይደለችም» አሉ።

ምሰሶውን በሽቦው አስሬ ስገባ ስክሪኑ ላይ የስንዴ ማሳ ነው ያለው። እናቴ ቆማለች፤ መዳፏ የቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ ነው።

«ያማጥኋት እኔ ነኝ! ነጠላዋን ስትስብ በእጇ አወቅኋት። መሪጌታ፣ እርስዎም አይተዋታል!»

«አይደለችም አልኩ እኮ» አሉና ዳዊታቸውን አነሡ።

ዜናው በማግሥቱ ይደገማል ብለን ስንጠብቅ መብራት ጠፋ። ኢንተርኔት ከተቋረጠ ደግሞ ሰንብቷል፤ በስልክ ፈልጎ ማየት አይቻልም። እናቴ ግን መረጃ አላስፈለጋትም። የእህቴን ብርድ ልብስ አጥባ አሰጣች፣ አልጋዋን አነጠፈች፣ ላገኘችው ሁሉ «ልጄ መጥታለች» ብላ ነገረች። ሰው እንኳን ደስ ያለሽ ሊል ሲመጣ አባቴ በር ላይ፣ «ተመሳስላባት ነው» እያሉ ይመልሱታል። የሠፈሩ ሴቶች እናቴን በሐዘኔታ ያይዋት ጀመር። እሷም አባቴን ማነጋገር ተወች። ምግባቸውን አስቀምጣላቸው ትወጣለች።

እኔ መሐል ቤት ቀረሁ። አባቴ ልክ ከሆኑ እህቴ የት እንደወደቀች አይታወቅም። እናቴ ልክ ከሆነች ደግሞ ልጅቱ አገሯ ገብታ ለእኛ አንድ ስልክ መደወል አልፈለገችም። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንደሚያመኝ መለየት አቃተኝ። ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ላይ መጻፍ ጀምሬ ምን ልጽፍ እንደነበር ይጠፋኛል።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ አባቴ መንገድ ላይ ቆሙ። ሰው እስኪያልፍ ጠበቁ።

«እሷ ናት» አሉኝ።

«ምን አሉ?»

«እሷ ናት። ካሜራው ሲዞርባት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ማን እንዳያያት ነው? እዚያ ያለው ሰው አያውቃትም። እኛ እንዳናያት ነው እንጂ። ልጄ አትዩኝ ካለች፣ እኔ ምን ብዬ አየኋት ልበል?»

ደሜ ፈላ። መንገድ ላይ መሆናችንንም ረሳሁ። «እማዬን እኮ እብድ እያስባሏት ነው!»

«አውቃለሁ። አየኋት ብላት ኖሮ በማግሥቱ አዲስ አበባ ነበረች። መጠለያ ለመጠለያ ስትዞር ያቺ ልጅ ከእፍረቷ እንደገና ትሸሻለች። ትንሽ ትረፍ። ፊቷን ራሷ ትግለጠው።» መቋሚያቸውን አነሡና መራመድ ጀመሩ። «መዋሸቴን ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ። አንቺም ዝም በይ።»

ዝም አልኩ፤ ግን አልተስማማሁም። ልጅ ከቤቷ የምትሸሸገው እስከ መቼ ነው? ባትገልጠውስ? እናቴን በየቀኑ ብርድ ልብሱን ስታራግፍ ባየኋት ቁጥር ምላሴ ጫፍ ላይ ይመጣና እውጠዋለሁ።

ስልኬ የጮኸው መብራቱ ከተመለሰ በኋላ፣ ዜናው ሊጀምር ሲል ነው። እናቴ በርጩማዋ ላይ ናት። አባቴም ከጥጋቸው አሉ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«እኔ ነኝ» አለች እህቴ።

እናቴ ፊቴን አይታ ተነሣች። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዘጋሁና ሁላቸውም እንዲሰሙ የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፈትኩት። ደኅና ናችሁ ወይ እንኳ አላለችም።

«በቴሌቪዥን አያችሁኝ?»

«የምን ቴሌቪዥን?» አልኩ።

«ስንወርድ ቀርፀውን ነበር። እግሬ ላይ ጫማ እንኳ አልነበረም። ፌስታል ይዤ... አይታችሁኛል ብዬ እኮ ነው። በምን ፊቴ ልደውል?»

«እኔ አላየሁሽም» አልኳት። ይህ እውነት ነው።

«አባባስ?»

አባቴ መሬት መሬቱን ያያሉ። «አባባም አላዩሽም።»

ስልኩ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ።

«እማዬስ?»

እናቴ ያን ሁሉ ሳምንት አይቻታለሁ ብላ ከባሏ ተኳርፋ፣ ከሠፈሩ ተጣልታ፣ እብድ ተብላ ነው የቆየችው። አሁን ልክ መሆኗን ልጇ ራሷ በአንደበቷ ተናገረችላት። ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። አባቴን ቀና ብላ አየቻቸው፤ ከዚያች ምሽት ወዲህ ስታያቸው የመጀመሪያዋ ነው።

«የት አይቼሽ?» አለች። «ቴሌቪዥናችን ከተበላሸ ቆየ እኮ። ካየሁሽ ስንት ጊዜዬ፣ ልጄ። ነይ።»