የፊውዝ ሁለት ነጥብ

ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ከዘበኛው እስከ ዲኑ ድረስ ሰው ሁሉ ፊውዝ ነበር የሚለው፤ ወጣቶቹ ለአክብሮት ጋሽ ይጨምሩበታል። ሃያ አንድ ዓመት የግቢው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኖ ኖሯል። የትኛው ሽቦ በየትኛው ግድግዳ ውስጥ እንደሚያልፍ በወረቀት ሳይሆን በጭንቅላቱ ነው የያዘው። ትምህርቱ ግን ከሙያ ትምህርት ቤት ሰርተፊኬት አላለፈም።

አርባ አራት ዓመት በሞላው ሰሞን አዲስ መመሪያ ወጣ። የጥገና ክፍሉን የሚመራ ሰው ዲግሪ ሊኖረው ይገባል ይላል። ክፍሉን ስድስት ዓመት የመራው ፊውዝ ነው።

"እዚሁ የማታ ተማራ፤ ለሠራተኛ በነፃ ነው" አሉት ዲኑ።

ተመዘገበ። የሆስፒታል ልብስ አጣቢ የሆነችው ሚስቱ ደብተር በብብቱ ይዞ ሲገባ አይታ በሳቅ ፈረሰች። "አንተ ሰውዬ፣ ልጅህ ልትጨርስ አንተ ልትጀምር?"

የኤሌክትሪክ ትምህርቱ ላይ ችግር አልነበረበትም፤ እንዲያውም አንድ ሁለቴ መምህሩን አርሞታል። ካልኩለስ ሲመጣ ግን ዓይኑ እያየ ሰመጠ። ቁጥሩ ድሮ የሚያውቀው ቁጥር አይደለም፤ ፊደል ሆኖ ነው የመጣው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰችው ልጁ ታስጠናው ጀመር።

"አባዬ፣ ይሄንን እኮ ትናንት ነግሬህ ነበር።"

"ነግረሽኛል፤ ገብቶኝም ነበር። ጠዋት ስነሳ የለም።"

የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤቱ አንድ ነጥብ ስድስት ሁለት ሆነ። ከሁለት በታች ስለሆነ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው፤ በሚቀጥለው ካላሻሻለ ይሰናበታል። ለሚስቱ አሳያት። በዚህኛው አልሳቀችም።

ሁለተኛውን ሴሚስተር እንደ እስረኛ አሳለፈው። በምሳ ሰዓት ትራንስፎርመሩ ክፍል ገብቶ፣ የኬብል ጥቅልል ላይ ተቀምጦ ያጠናል። ሰንበትን ረሳ፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ደብተር ይዞ ይሄድ ነበር ብለው ባልደረቦቹ ያሙታል።

ውጤት በተለጠፈ ቀን ጠዋት ከሬጅስትራር ተደወለለት። ከማስታወቂያ ሰሌዳው በላይ ያለው መብራት ተቃጥሏል። መሰላሉን ተሸክሞ ሲደርስ ኮሪደሩ በተማሪ ታጭቋል። የተባረሩት ተማሪዎች ዝርዝር በመታወቂያ ቁጥር ተለጥፎ፣ ሰዉ እየተገፋፋ በስልክ መብራት ያነባል። ፊውዝ መሰላሉ ላይ ወጥቶ አሮጌውን አምፖል ፈታ፣ አዲሱን አሰረ። በራ።

"ጋሼ፣ እባክዎ ከላይ ሆነው ይዩልኝ" አለች መሰላሉን የያዘችለት ተማሪ። "መጨረሻው አራት መቶ አሥራ ሰባት ነው። እኔ ማየት አልችልም።"

ጣቱን በወረቀቱ ላይ አወረደ። አራት መቶ ዘጠኝ። አራት መቶ ሃያ ሁለት።

"የለሽበትም። ተርፈሻል።"

ልጅቷ የመሰላሉን እግር አቅፋ ተንሰቀሰቀች። የእሱ ጣት ግን ገና ከወረቀቱ አልተነሳም። "የማታ" ከሚለው ርዕስ ሥር፣ ሦስተኛው መስመር ላይ፣ የራሱ ቁጥር ነበር።

እንዴት እንደወረደ አያስታውስም። "ተባረክ ጋሽ ፊውዝ፣ ገላገልከን" አለችው የሬጅስትራር ጸሐፊዋ በመስኮቱ። እሷም አላወቀችም። "ምንም አይደል" ብሎ መሰላሉን ተሸክሞ ወጣ።

ትራንስፎርመሩ ክፍል ገብቶ በሩን ከውስጥ ቆለፈው። እዚያ ምን እንዳሰበ ኋላ ለሚስቱ ብቻ ነው የነገራት። እሷም ከዚያ በኋላ ለወራት፣ ብቻውን እንዳይሆን ብላ፣ ከሥራዋ እየተጣደፈች መጥታ ግቢው በር ላይ ትጠብቀው ነበር።

ከሰዓት በኋላ የሒሳብ መምህሩን ቢሮ አንኳኳ። መምህሩ ሠላሳ ያልሞላው ወጣት ነው።

"ጋሼ፣ እዚህ መብራቱ ደህና ነው። ማን ጠራዎት?"

"ለመብራት አይደለም የመጣሁት። ተማሪዎ ነኝ።"

ወጣቱ ደነገጠ። ዘጠና ሰው ከሚማርበት ክፍል የኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጠውን ሰው አላስተዋለውም።

"ሠላሳ ስምንት ነው ያገኘሁት" አለ ፊውዝ። "አርባ ቢሆን ኤፉ ዲ ይሆናል። ዲ ከሆነ በማስጠንቀቂያ እቀጥላለሁ። ሁለት ነጥብ ናት መምህር። በሕይወቴ ሰው ለምኜ አላውቅም፤ እርስዎን ልለምን መጣሁ።"

መምህሩ ወረቀቱን ከካርቶን ውስጥ ፈልጎ አወጣና ገጽ በገጽ አብረው አዩት። አራተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"እዚህ ጋ ሦስት ሰጥቼዎታለሁ። የሚገባው አንድ ነበር።"

"እና?"

"እና ባየሁት ቁጥር ይቀንሳል ጋሼ። እንተወው።"

"ዝም ብለው ሁለቷን ቢጨምሩልኝስ? ማን ያያል?"

መምህሩ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። "ዛሬ ብቻ አሥራ አንድ ልጆች እርስዎ የተቀመጡበት ወንበር ላይ አልቅሰዋል። ለእርስዎ ብጨምር እነሱን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?"

ፊውዝ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ከመባረሩ ይልቅ መጠየቁ አሳፈረው።

የቀረው የአቤቱታ ኮሚቴው ነበር። ቅጹ የሕመም ወይም የሐዘን ማስረጃ ያያይዙ ይላል። አንዱ ባልደረባው የሐኪም ወረቀት ላፈላልግልህ ቢለው እምቢ አለ። "አልታመምኩም፤ ሰውም አልሞተብኝም። ሒሳቡ ነው ያልገባኝ" ብሎ ጻፈና አስገባ። መልሱ በሳምንቱ መጣ፤ ሁለት መስመር ነው። በቂ ምክንያት አልቀረበም። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ቦታ ከተገኘ፣ ድጋሚ መግቢያ መጠየቅ ይቻላል።

ልጁ ወረቀቱን አንብባ ስትጨርስ መልሳ አጠፈችው። "እኔ ነኝ በደንብ ያላስረዳሁህ።"

"አንቺ ምን አጠፋሽ? የእኔ ጭንቅላት ነው የዛገው።"

ከአንድ ወር በኋላ የዩኒቨርሲቲ ምርጫዋን ስትሞላ አያት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምትመኘውን ምህንድስና ሰርዛዋለች።

"ለምን?"

"አንተ ያልቻልከውን እኔ እንዴት እችለዋለሁ?"

"እኔ ያልቻልኩትንማ አንቺ ነበርሽ እኮ የምታስተምሪኝ!" ብሎ ጮኸባት። ጮኾባት አያውቅም ነበር። ልጅቷ አለቀሰች፤ ይቅርታ ጠየቃት፤ ቅጹ ግን ምህንድስናው እንደተሰረዘ ሄደ።

ከትምህርት መባረሩ ሲታወቅ የጥገና ክፍሉ ለሌላ ተሰጠ። አዲሱ ኃላፊ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ "ጋሼ" እያለ ነው የሚያዘው። ፊውዝም ይታዘዛል። ካልኩለስ የተማረበት ክፍል መብራት ሲበላሽ ግን ሌላ ሰው እንዲላክ ይጠይቃል።

በዓመቱ የድጋሚ መግቢያ ቅጹን ሞላ። "ዘንድሮ ቦታ ሞልቷል፤ ለከርሞ ሞክር" አለችው ጸሐፊዋ ዓይን ዓይኑን ላለማየት ወረቀት እያገላበጠች። ለከርሞም ሞከረ፤ ያው ሆነ። ባለፈው ሳምንት ለሦስተኛ ጊዜ አስገብቷል። ሚስቱ ተው አትለውም፤ በርታም አትለውም። ማታ ማታ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ትታ የሄደችውን የሒሳብ ደብተር ሲገልጥ ካየችው፣ ሬዲዮውን ዝቅ ታደርግለታለች።