የቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌዎች

በእኛ ትምህርት ቤት ስፖርትና ሙዚቃ የአንድ ሰው ሥራ ነበሩ። ስፖርት ሊያስተምር ከአዲስ አበባ የመጣው ወጣት መምህር ክራር ይዞ ከአውቶቡስ ሲወርድ ስለታየ፣ ርዕሰ መምህሩ የሙዚቃ ክበቡንም ደርቦ ሰጠው። እሱም እሺ አለ። ጠዋት ፊሽካ እየነፋ ያሯሩጠናል፣ ከሰዓት ያዘፍነናል። ስናጠፋ ሁለቱንም ጊዜ የሚቆጣን በአንድ ዓይነት ቃል ነበር።

የመካነ ሰላም ሜዳችን ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው፤ ያመለጠ ኳስ ቁልቁል ወርዶ ገደል አፋፍ ላይ ነው የሚገኘው። የመረብ ኳሱ መረብ ደግሞ በሲባጎ ተጠጋግኖ ተጠጋግኖ የድሮው መረብ የት እንደነበር መለየት አይቻልም። እኛ ሴቶቹ ከቀሚሳችን ሥር ሱሪ እንለብሳለን፣ ሻሻችንን ጥብቅ አድርገን እናስራለን፣ ከዚያ የመጣው ይምጣ ብለን እንገባለን። እኔ ኳስ ላይ መካከለኛ ነበርኩ፤ እውነቱን ካወራን ከመካከለኛም ዝቅ እላለሁ። ከበሮ ላይ ግን የሚደርስብኝ አልነበረም። ይህን ስል አላፍርም።

ከበሮን የተማርኩት ከመጋረጃ ጀርባ ነው። አባቴ ለሰፈሩ ልጆች ቁርአን የሚያቀሩ ሼኽ ነበሩ። ሐሙስ ሐሙስ ሰው ቤታችን ይሰበሰብና መንዙማ ይባላል፣ ድቤው ይመታል፤ እናቴና እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ሆነን በመዳፋችን ጉልበታችንን እየመታን እንከተላቸዋለን። እናቴ ሳውዲ ስትሄድ ጉልበት መምታቱ ለእኔ ብቻ ቀረ። ብቻውን አልጥም ስላለኝ ወደ ቢጫው የውኃ ጀሪካን ዞርኩ። አባቴ ለዙሁር ሶላት መስጊድ ሲወጡ ጠብቄ፣ ጀሪካኑን ደፍቼ እቀጠቅጠዋለሁ። ሲመለሱ ጀሪካኑ ቦታው ነው፣ እኔም መጽሐፍ ላይ አቀርቅሬያለሁ።

አሥረኛ ክፍል የነበርኩበት ያ ዓመት ግን ሰላም የሚሰጥ አልነበረም። ከክፍላችን ሴቶች ሁለቱ ተድረዋል፤ አንዷ ፓስፖርት ላወጣ ብላ ደሴ ሄዳ በዚያው ቀርታለች። አጠገቤ ያለው መቀመጫ ባዶ በሆነ ቁጥር ተራው ወደ እኔ እየቀረበ ይመስለኝ ነበር። እናት በሌለችበት ቤት አባት «ለደህና ሰው ልስጣትና ልረፍ» ቢል ማን ይፈርድበታል? አባቴ እንዲህ ብለው አያውቁም። ግን እንዲህ አላስብም ብለውም አያውቁም፤ ዝምተኛ ሰው ናቸው።

በዚህ መሐል አቀስታ ሄደን ከዚያ ትምህርት ቤት ጋር ልንወዳደር ነው ተባለ። ወንዶቹ በእግር ኳስ፣ እኛ በመረብ ኳስ፣ በመጨረሻም ሁለቱ የሙዚቃ ክበቦች። መምህሩ የወላጅ ፈቃድ አምጡ አለን።

«የእኔ አባት አይፈቅዱም» አልኩት።

«ጠየቅሻቸው?»

«አልጠየቅኳቸውም።»

«ታዲያ በምን አወቅሽ?»

«አባቴ አይደሉ!»

መልስ መሆኑ ነው። የፈራሁት ሌላ ነበር፤ በወንዶች መሐል ከበሮ እንደምመታ ከሰሙ «እንግዲያስ ትምህርቱም ይቅርብሽ» ይሉኛል፣ ከዚያ ደግሞ ከቤት የዋለች ልጅ ቀጣዩ ምን እንደሆነ አገር ያውቀዋል። መምህሩ ራሱን ነቅንቆ ሄደ። የተወው መስሎኝ ነበር።

በሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ግቢ ስጠርግ ሦስት ጋቢ የለበሱ ሰዎች በራችን ላይ ቆመዋል። ፊት የቆሙት መምህሩ የሚከራይባቸው ሽማግሌ ናቸው። ከኋላቸው የሰፈራችን ቄስና የትምህርት ቤታችን ዘበኛ። ዘበኛው አይሱዙ ለሚነዳ የወንድማቸው ልጅ ሚስት እንደሚፈልጉ ያልሰማ ሰው የለም። በእኛ አገር ሴት ልጅ ያለችበት ቤት፣ በቅዳሜ ጠዋት፣ ሦስት ሆኖ፣ በትር ይዞ የሚመጣ ሰው ለምን እንደሚመጣ ሕፃንም አይስተውም። መጥረጊያውን ጥዬ በጓሮ በኩል ገባሁና ከመጋረጃው ጀርባ ተሸሸግሁ።

«አሰላሙ አለይኩም!»

«ወአለይኩም ሰላም! ግቡ፣ ኧረ ግቡ። ምን እግር ጣላችሁ?» አሉ አባቴ።

ገቡ፤ ግን አልተቀመጡም።

«ተቀመጡ እንጂ በአላህ።»

«እሺታዎን ሳንሰማ አንቀመጥም፣ ሼኽዬ» አሉ ቄሱ። «የመጣነው ለልጅዎ ጉዳይ ነው።»

ገብሱ ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩ። አለቀ፣ አልኩ በልቤ። አቀስታም፣ ከበሮም፣ አሥረኛ ክፍልም አለቀ።

«አትድከሙ» አሉ አባቴ። «አፋችሁን ሳትከፍቱ እናንተን መመለሴ ነውር ከሆነ አፉ በሉኝ። ልጄ ተማሪ ናት። እናቷ ሰው አገር የምትንከራተተው እሷ እንድትማር ነው። ስትሄድ እዚሁ በር ላይ ቃል አስገብታኛለች። እስክትጨርስ ድረስ፣ የመጣው ማንም ይሁን፣ አልሰጥም። ወላሂ አልሰጥም።»

ጋቢዬን አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩት። እንባዬ ግን በጋቢ የሚመለስ አልነበረም። ስንት ወር ሙሉ እንደፈራኋቸው! ለካ እሳቸው መልሱን አዘጋጅተው ጠያቂውን ብቻ ነበር የሚጠብቁት።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አከራዩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ለአንዲት ቅዳሜ ብቻ እኮ ነው ሼኽዬ። ማታውኑ እንመልሳታለን።»

«ላ ኢላሀ ኢለላህ!» አባቴ ብድግ አሉ። «ልጅ እንደ በሬ በውሰት የሚወሰደው ከመቼ ወዲህ ነው?»

መጀመሪያ የሳቁት ቄሱ ናቸው። ሳቃቸው ጋብ ሲልላቸው ነገሩን አፍረጠረጡት። መምህሩ የከተማ ልጅ ነው፤ «ሼኽን በወረቀት አይጠይቁም፣ ሽማግሌ ላክ» ብለው አከራዩ ሲመክሩት አመስግኖ ላከ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ስለ ሴት ልጅ ለመለመን የሚያውቁት ሥርዓት አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ማልደው፣ ቆመው ለመኑ። በራፉ ላይ ያየ ሰው ምን ይላል ብሎ ያሰበ አንድም አልነበረም።

«እኛ የመጣነው ለኳስና ለከበሮ ነው» አሉ ዘበኛው። «ያለሷ የሚመታ የለም እየተባለ ነው።»

ከበሮ የሚለውን ስሰማ እንባዬ ቀጥ አለ። አባቴ ጠሩኝ። ዓይኔ እንደቀላ ወጣሁና መሬት መሬቱን እያየሁ ቆምኩ።

«ከበሮ ትመቻለሽ?»

«አዎ፣ አብዬ።»

«እንደ ጀሪካኑ ነው የምትመቺው?»

ቀና አልኩ። ፊታቸው ላይ ቁጣ ፈልጌ አጣሁ።

«ስወጣ አጥሩ ጥግ ቆሜ እሰማሻለሁ እኮ» አሉ። «እጅሽ የእናትሽ ነው። ግን ትቸኩያለሽ። ሁልጊዜ ትቸኩያለሽ። ማን ያባርርሻል? ቀስ በይ።» ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞሩ። «ሻሿ እንዳይወርድ፣ ሶላቷም እንዳያልፋት። በሉ አሁን ተቀመጡ።»

ተቀመጡ። እኔም ለእንግዶቹ ሻይ ላፈላ ብዬ ጓዳ ገባሁና ስኳሩን ሁለት ጊዜ ጨመርኩበት። ሁሉም አንጠፍጥፈው ጠጡት።

እኛ ቤት ጉዳዩ እንዲህ አለቀ። ከቤታችን ውጭ ግን ገና መጀመሩ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ያየ እንጂ የተናገሩትን የሰማ ስላልነበረ፣ ሰፈሩ እኩለ ቀን ሳይሞላ አጭቶኛል። ወሬውም ባሕር ተሻገረ። በማግስቱ ባለ ሱቁ ጎረቤታችን ሞባይሉን ይዞ እየሮጠ መጣ። እናቴ ናት።

«ሰጡሽ?» አለችኝ። ሌላ ሰላምታ አልነበራትም። «ሌሊቱን ሻንጣዬን ስሸክፍ ነው ያደርኩት። እመጣለሁ፣ አብሽሪ ልጄ፣ እመጣለሁ።»

ልመልስላት ብሞክር ሳቅና ለቅሶ ተቀላቀለብኝ፤ እሷም ለቅሶው ብቻ ተሰማት መሰለኝ ጮኸች። አባቴ ስልኩን ተቀበሉኝ። «የመጡት ለከበሮ ነው» አሏት። አዳመጡ። «አዎ፣ ለከበሮ። ለኳስም። አልሰጠኋትም አልኩሽ እኮ! ሻንጣሽን ፍቺ።» እናቴ ስትስቅ እኔ ከቆምኩበት ድረስ ተሰማኝ። ከሄደች ወዲህ እንዲያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር።

በቀጣዩ ቅዳሜ በአይሱዙ ተጭነን አቀስታ ሄድን። የነዳን ያው የዘበኛው የወንድም ልጅ ነው፤ ምስኪን፣ ወሬውን ሰምቶ ኖሮ መንገዱን ሙሉ ቀና ብሎ አላየኝም። አቀስታ ብርዱ ያንቀጠቅጣል። በመረብ ኳስ አሸነፉን፣ ያውም ሳይደክሙ፤ ከሽንፈቱ ውስጥ የእኔ ድርሻ ቀላል አልነበረም። ከሰዓት በጉም ርሶ የላላውን የከበሮ ቆዳ ሻይ የምትሸጥ ሴት ምድጃ ዳር አሙቀን አጠበቅነውና ተሰለፍን። ሜዳው ዙሪያውን ሰው ሞልቶታል። መምህሩ ክራሩን ቃኝቶ ራሱን ዝቅ በማድረግ ምልክት ሰጠኝ።

ጀመርኩ፤ ወዲያውም ቸኮልኩ። ዘፋኞቹ ከኋላዬ ሲሯሯጡ ይሰማኛል። የአባቴ ድምፅ መጣብኝ፤ ማን ያባርርሻል? ያን ዓመት ሙሉ ይድሩኛል ብዬ በፍርሃት የሮጥኩትን ሩጫ አሰብኩ። ከዚያ እጄን አረጋሁትና ቀስ ብዬ መታሁ፤ ከኋላዬ የሚያባርረኝ አልነበረም።